ተፈጥሮን በግጥም ያስተማረው ሮማዊ

በዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ወደ ጥንታዊት ሮም ጎራ ብለን አንድ ረጅም ግጥም እናያለን። ግጥም ስላችሁ የፍቅር እንጉርጉሮ፣ ሙሾ ወይም ፉከራ የጠበቃችሁ ካላችሁ ቅር እንዳትሰኙ። ይህኛው የሚያወራው ስለ ነፋስና ስለ መብረቅ፣ የተሰጣ ልብስ ለምን እንደሚደርቅ፣ ማግኔት ብረትን ስለ መሳቡ፣ መሬት ስለ መንቀጥቀጧ ነው። 7,400 ያህል ስንኞች አሉት፤ በ6 መጻሕፍት ተከፍሏል፤ ቋንቋው ላቲን ነው። ርእሱ «ስለ ነገሮች ተፈጥሮ» ይባላል፤ ደራሲው ደግሞ ቲቱስ ሉክሬቲየስ ካሩስ። ወደ ጉዳዩ ከመግባቴ በፊት አንድ ማሳሰቢያ፦ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሉክሬቲየስ የኖረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው ምዕተ ዓመት፣ በግምት ከ99 እስከ 55 ባለው ጊዜ ነው። ዘመኑ ሰላም የሰፈነበት አልነበረም። ገና ልጅ ሳለ ማሪየስና ሱላ የተባሉ የጦር አበጋዞች ሮምን በየተራ በደም አጥበዋታል። ሱላ ድል ሲያደርግ የሚገደሉ ሰዎችን ስም ዝርዝር አደባባይ ላይ እየለጠፈ ጠላቶቹን አስፈጅቷል። ለጥቆ የስፓርታከስ የባሪያዎች ዐመፅ መጣ፤ በ71 ዐመፁ ሲደመሰስ 6,000 ምርኮኞች ከካፑዋ ወደ ሮም በሚወስደው ጎዳና ዳር ተሰቀሉ። ባለቅኔያችን ስለ ሰው ልጅ ፍርሃት የጻፈው እንግዲህ እንዲህ ባለ አገርና ዘመን ውስጥ ተቀምጦ ነው።

ስለ ሕይወቱ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። የጻፈው ቅዱስ ሄሮኒሞስ ነው። ሉክሬቲየስ የፍቅር መድኃኒት ጠጥቶ አበደ፤ አእምሮው መለስ ሲልለት ግጥሙን እየጻፈ ቆየ፤ በመጨረሻም በ44 ዓመቱ ራሱን ገደለ ይላል። ወሬው ጆሮ ይስባል። ነገር ግን ሄሮኒሞስ ይህን የጻፈው ባለቅኔው ከሞተ ከ400 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። በባለቅኔው በራሱ ዘመን የነበረው ሮማዊው የንግግር ሊቅ ሲሴሮ በ54 ለወንድሙ በላከው ደብዳቤ ላይ ግጥሙን አንሥቶ ተሰጥኦውንም ጥበቡንም ያደንቃል፤ ስለ እብደት ግን ትንፍሽ አይልም። እኔ በበኩሌ ታሪኩን አላምነውም። የአማልክትን ቁጣ አትፍሩ እያለ የሰበከ ሰው መጨረሻው ሳያምር ቀረ ለማለት ለሚፈልጉ ሁሉ የሚመች ወሬ ነው፤ ሲመች ደግሞ መጠርጠር ነው።

በአካል ባያገኘውም የሉክሬቲየስ መምህር ግሪካዊው ኤፊቆሮስ ነው። ስሙ ለብዙዎቻችሁ እንግዳ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 ላይ ቅዱስ ጳውሎስ አቴና ከተማ ያገኛቸው የኤፊቆሮስ ወገን የተባሉት ፈላስፎች የዚሁ ሰው ተከታዮች ናቸው። ኤፊቆሮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ341 በሳሞስ ደሴት ተወልዶ፣ አቴና ውስጥ በገዛው የአትክልት ስፍራ ሲያስተምር ኖሮ በ270 ሞተ። ዴሞክሪጦስ ከተባለው ቀደምት ፈላስፋ ትምህርት ተነሥቶ፣ ያለው ነገር ሁሉ የማይከፋፈሉ ደቃቅ ቅንጣቶችና ባዶ ቦታ ብቻ ነው አለ። ቅንጣቶቹ ይጋጫሉ፣ ይያያዛሉ፣ ይበተናሉ፤ ከዚህም ዓለማት ይሠራሉ፣ ይፈርሳሉ። አማልክት አሉ፤ ግን ርቀው በደስታ ይኖራሉ እንጂ በሰው ጉዳይ እጃቸውን አያስገቡም። ነፍስም ከሥጋ ጋር ትበተናለች። የዚህ ሁሉ ትምህርት ዓላማ ከጭንቀት የጸዳ አእምሮ ነው። ሰዎች ኤፊቆሮሳዊ ሲባል ሆዳም የሚመስላቸው በስሕተት ነው፤ መምህሩ የሚኖረው በዳቦና በውኃ ነበር፤ ድግስ ሲያምረው ከወዳጁ ትንሽ አይብ ያስልክ ነበር ይባላል።

ታዲያ ይህን ትምህርት በግጥም መጻፍ ለምን አስፈለገ? ኤፊቆሮስ ራሱ ለግጥም ብዙም ፍቅር አልነበረውም። ሉክሬቲየስ ግን ምክንያቱን ይነግረናል። ሐኪሞች ለሕፃን እንደ ኮሶ የሚመር መድኃኒት ሲሰጡ የጽዋውን ከንፈር ማር ይቀቡታል። ልጁ በማሩ ተታልሎ መድኃኒቱን ይጨልጣል፤ ተታለለ እንጂ አልተጎዳም፣ ይልቅስ ዳነ። ግጥሙ ማሩ ነው፤ ፍልስፍናው መድኃኒቱ። ምሳሌው ዝነኛ ነው፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ማርማ ቢሆን ጠርገው ያነሡት ነበር። ይህን ግጥም አንሥታችሁ ፍልስፍናውን ለብቻው ላስቀር ብትሉ ማስረጃዎቹም አብረው ይሄዳሉ። ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳያችሁ።

በመጀመሪያው መጽሐፍ ሉክሬቲየስ ሁሉም ነገር ከማይታዩ ቅንጣቶች የተሠራ ነው ይላል። አንባቢው ወዲያው «የማይታይ ነገር መኖሩን በምን አውቃለሁ?» ብሎ እንደሚጠይቀው ያውቃል። መልሱን ፍለጋ ሩቅ አይሄድም። ነፋስን ማን አይቶት ያውቃል? ሆኖም ባሕር ይገርፋል፣ መርከብ ያሰጥማል፣ ዛፍ ይገነድሳል። ደራሽ ውኃ ድልድይ ጠራርጎ ሲወስድ እናያለን፤ ነፋስም ያንኑ ሥራ ይሠራል፤ እንግዲያው ዓይናችን ባያየውም አካል አለው። ከዚያ ልብስ ይመጣል። ባሕር ዳር የተሰቀለ ልብስ ይረጥባል፤ ያው ልብስ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ ይደርቃል። ውኃው ሲገባም ሲወጣም ያየ የለም። ስለዚህ ውኃው ዓይን ሊይዛቸው በማይችል ጥቃቅን ክፍሎች ተበታትኗል ማለት ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው እኔ ከግጥሙ ሁሉ አብልጬ የምወደው ክፍል ነው። ጣት ላይ ለዓመታት የኖረ ቀለበት ከውስጥ በኩል እየሳሳ ይሄዳል። የጣሪያ ጠብታ ድንጋይ ይቦረቡራል። የማረሻው ብረት እርሻ ውስጥ ሳይታወቅ ያልቃል። ጎዳና ላይ የተነጠፈ ድንጋይ በእግረኛ ብዛት ይሟልጣል። በከተማው በር አጠገብ የቆሙ የነሐስ ሐውልቶች ደግሞ ቀኝ እጃቸው ቀጥኗል፤ መንገደኛ ሁሉ ሲገባና ሲወጣ እየነካ ሰላምታ ይሰጣቸዋልና። የነዚህ ሁሉ መቀነስ ይታያል፤ በየትኛው ቅጽበት ምን ያህሉ እንደሄደ ግን ያየ የለም። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉት። ከአንድ ሰው ጣት ተነሣ፤ ጣሪያውን፣ እርሻውንና ጎዳናውን አልፎ ትውልድ በትውልድ ላይ እየተተካ ከዳሰሰው ሐውልት ዘንድ ደረሰ። ክርክሩ አንድ ሆኖ ሳለ ጊዜው ግን እየሰፋ፣ ሰዉም እየበዛ ሄደ። ይህን በደረቅ ዐረፍተ ነገር «ቁስ በማይታይ ሁኔታ ይቀንሳል» ብላችሁ ብትጽፉት እውነት ነው፤ የሚያምናችሁ ግን ይቀንሳል። በነገራችን ላይ ሮም የሚሄድ ሰው ዛሬም ይህን በዓይኑ ሊያየው ይችላል፦ በቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ ውስጥ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ የነሐስ ሐውልት ቀኝ እግሩ በተሳላሚ ብዛት አልቆ የጣቶቹ ቅርጽ ጠፍቷል።

ሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ጨለም ያለ ቤት እንገባለን። በቀዳዳ የፀሐይ ጨረር ገብቷል፤ ጨረሩ ውስጥ አቧራ ይርመሰመሳል። ሉክሬቲየስ አቧራውን በጦር ሜዳ ቋንቋ ይገልጸዋል፦ ቅንጣቶቹ ጭፍራ በጭፍራ ሆነው ይጋጠማሉ፣ ይለያያሉ፣ ተመልሰው ይገጥማሉ፤ ዕረፍት የላቸውም። ከዚህ በመነሣት ሁለት ነገር ይላል። አንደኛ፣ ይህ የመነሻ ቅንጣቶቹ በባዶ ቦታ ውስጥ የሚያደርጉት እንቅስቃሴ አምሳል ነው። ሁለተኛው ነጥብ ይበልጣል፦ አምሳል ብቻ ሳይሆን ማስረጃም ነው። አቧራውን የሚያወዛውዙት ከሱ ያነሱ፣ የማይታዩ ነገሮች ናቸው፤ እነዚያንም ከነሱ ያነሱ ገፍተዋቸዋል፤ ግፊያው ከሥር ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ እየወጣ ዓይናችን እስከሚያየው ድረስ ይደርሳል።

ፊዚክስ የተማራችሁ አሁን የምናገረውን ገምታችኋል። በ1827 ስኮትላንዳዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሮበርት ብራውን ከአበባ ብናኝ የወጡ ደቃቅ ቅንጣቶች ውኃ ውስጥ ያለ ዕረፍት ሲርገበገቡ በማይክሮስኮፕ ተመለከተ። በ1905 አልበርት አይንስታይን የሚገፏቸው የውኃው ሞለኪውሎች መሆናቸውን በሒሳብ አስረዳ። ፈረንሳዊው ዣን ፔሪን በሙከራ ለክቶ አረጋገጠው፤ በዚህም ሥራው በ1926 የኖቤል ሽልማት አገኘ። አይንስታይን በ1924 ለታተመው የሉክሬቲየስ ግጥም የጀርመንኛ ትርጉም መቅድም ጽፎለታል።

ያም ሆኖ «ሉክሬቲየስ አቶምን ቀድሞ አወቀ» የሚለውን ሙገሳ አልወደውም። ፀሐይ ጨረር ውስጥ የምናየውን አቧራ በዋናነት የሚያንቀሳቅሰው የአየሩ ንፋሻ ነው እንጂ የሞለኪውሎች ግፊያ አይደለም። የሱ ቅንጣቶች አንዳንዶቹ መንጠቆ አላቸው፣ ሌሎቹ ለስላሳና ድብልብል ናቸው፤ ማር የሚጣፍጠው ድብልብሎቹ ምላስን ስለሚያሻሹ ነው ይላል። ይህ የዛሬው ኬሚስትሪ አይደለም። የሱ ትልቅነት ሌላ ቦታ ነው፦ አንባቢውን «እኔን እመነኝ» አይለውም። ጣትህን እይ፣ ልብስህን እይ፣ ቤትህ ውስጥ የገባውን ብርሃን እይ ይለዋል። ቢሳሳት እንኳ ስሕተቱን የምታገኙበትን መንገድ ራሱ አሳይቷችኋል።

እዚያው ሁለተኛው መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ላም አለች። ባለቅኔው ቅንጣቶች በቅርጽ ይለያያሉ፤ ስለዚህም አንድ ዓይነት የሚመስሉን ፍጥረታት እንኳ እርስ በርሳቸው ይለያያሉ ለማለት ፈልጓል። እዚህ ላይ አንድ ጥጃ በቤተ መቅደስ ፊት፣ ዕጣን በሚጤስበት መሠዊያ አጠገብ ይታረዳል። እናቲቱ ሜዳውን ታስሳለች፤ መሬት ላይ የቀረውን የሰኮና ዱካ ትለየዋለች፤ ቆም ብላ ዙሪያዋን ታማትራለች፤ ጫካውን በእምቧታ ትሞላለች፤ ወደ በረት ትመለሳለች፣ ደግማ ትወጣለች። ለምለም ሣር፣ ለጋ ቅጠል፣ ሞልቶ የሚፈስ ወንዝ አያጽናኗትም፤ የሌሎች ላሞች ጥጆችም አያዘናጓትም። የምትፈልገው የራሷን ነው። ክርክሩ በዚህ አበቃ፦ ሁሉም ጥጃ አንድ ቢሆን ኖሮ አንዱ በሌላው ይተካላት ነበር። ስለ ቅንጣቶች ቅርጽ ለማስረዳት ይህን ያህል መሄድ አያስፈልግም ነበር፤ ሁለት ስንኝ ይበቃው ነበር። ባለቅኔው ግን ላሚቱን ትቷት መሄድ ያቃተው ይመስላል። በዚያውም ስለ መሥዋዕት ያለውን ሐሳብ በአሽሙር አስተላልፏል።

(አጭር ሙዚቃ)

ግጥሙ ለምን እንደተጻፈ የሚነግረን ይኸው የመሥዋዕት ጉዳይ ነው። መጀመሪያው መጽሐፍ ላይ ንጉሥ አጋሜምኖን ለትሮይ ዘመቻ መልካም ነፋስ እንዲያገኝ ብሎ ልጁን ኢፊጌንያን መሠዋቱን ያነሣል። ልጅቱ ለሠርጓ የመጣች መስሏታል፤ አባቷ በመሠዊያው አጠገብ ቆሟል፤ አገልጋዮቹ ቢላዋውን ደብቀዋል። ሉክሬቲየስ ሰው ይህን የሚያደርገው ስለሚፈራ ነው፤ የሚፈራውም የነገሮችን ምክንያት ስለማያውቅ ነው ይላል። መብረቅ የሰማይ ቁጣ ከመሰለህ ቁጣውን ለማብረድ የማትከፍለው ነገር የለም። መብረቅ እንዴት እንደሚሠራ ካወቅህ ልጅህ ትተርፋለች። ለሱ የተፈጥሮ ትምህርት የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው መጽሐፍ ደግሞ ስለ ሞት ነው። ከመወለዳችን በፊት ሮምና ካርታጎ ዓለምን ባናወጠ ጦርነት ሲተላለቁ ምንም አልተሰማንም፤ ከሞትን በኋላም እንዲሁ ነው፤ የሚሰማን አንኖርምና ይላል። ብዙዎቻችሁ እዚህ ላይ ከሱ ጋር መንገድ እንደምትለዩ አውቃለሁ። የጥንት ክርስቲያን ጸሐፊዎችም ተለይተውታል፤ ላክታንቲየስ ትምህርቱን አጥብቆ ተቃውሟል፤ እየተቃወመ ግን ግጥሙን ደጋግሞ ይጠቅሳል። ሰውየውን የሚቃወም እንኳ አንብቦት ነበር ማለት ነው።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ የሲኦል ሥቃይ የሚባለው ሁሉ እዚሁ ምድር ላይ ነው የሚል ክፍል አለ። በግሪክ ተረት ሲሲፈስ ድንጋይ ወደ ተራራ ሲገፋ ይኖራል፤ ጫፍ ሲደርስ ድንጋዩ ተመልሶ ይንከባለላል። ለሉክሬቲየስ ሲሲፈስ ማለት ሥልጣን ለማግኘት ሕዝቡን ሲለማመጥ የሚኖር፣ ሁልጊዜም አንገቱን ደፍቶ የሚመለስ ፖለቲከኛ ነው። ይህን ሲጽፍ ዓይኑ ማን ላይ እንደነበረ እንጃ፤ ግጥሙን ያበረከተለት ሰው ግን ራሱ ፖለቲከኛ ነው። ጋይየስ ሜሚየስ ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ58 ከፍተኛ ዳኛ፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዛሬ ሰሜን ምዕራብ ቱርክ ውስጥ የሚገኘው የቢቲንያ ገዥ ነበር። ከዚያ ለቆንስልነት ተወዳደረ፤ በምርጫ ጉቦ ተከሰሰ፤ ተፈረደበትና ወደ አቴና ተሰደደ። አቴና ሄዶ ምን አደረገ ትሉኝ እንደሆነ፣ የኤፊቆሮስ ቤት ፍርስራሽ ያለበትን ቦታ ይዞ ሕንፃ ሊሠራበት ተነሣ! በ51 ሲሴሮ ደብዳቤ ጽፎ ቦታውን ለኤፊቆሮስ ትምህርት ቤት ኃላፊ ለፓትሮ እንዲተውለት ለምኖታል። 7,400 ስንኝ ተጽፎለት የመምህሩን ደጅ ማክበር ያልተማረ ደቀ መዝሙር ማለት ይህ ነው።

ስለ ስሕተቶቹ በአጭሩ ልናገር። ፀሐይ ከምትታየን መጠን ብዙም አትበልጥም ይላል። ከምድር በታች በኩል ሰዎች አሉ የሚሉትንም ተዘቅዝቆ የሚሄድ ሰው የት አለ ብሎ ያፌዝባቸዋል። የግሪክ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በዚያን ጊዜ ምድር ድብልብል መሆኗን ካወቁ ቆይተዋል፤ ከነሱ አንዱ የሆነው ኤራቶስቴነስ ዙሪያዋን ከለካ ከ100 ዓመት በላይ አልፏል። ሉክሬቲየስ ሊቃውንቱ ከሚሉት ይልቅ መምህሩን መረጠ። ዓይንህን እመን የሚል ሰው ዓይኑ እስከማይደርስበት ድረስ ሲያምነው የሚገጥመው ችግር ነው።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር የሚያመጣን ክፍል ላይ ደርሰናል። ስድስተኛው መጽሐፍ ስለ ነጎድጓድ፣ ስለ መሬት መንቀጥቀጥና ስለ ኤትና እሳተ ገሞራ ካወራ በኋላ አንድ የአሠራር ደንብ ያስቀምጣል። አንዳንድ ነገሮች አሉ፣ አንድ ምክንያት ብቻ መናገር የማይበቃባቸው፤ እውነተኛው አንድ ቢሆንም ብዙ ምክንያቶችን መዘርዘር ይገባል ይላል። ምሳሌው ቀፋፊ ነው። ከሩቅ የሰው ሬሳ ተጋድሞ ብታይ፣ በሰይፍ ይሁን በብርድ፣ በበሽታ ይሁን በመርዝ መሞቱን ልትቆርጥ አትችልም። ሊሆኑ የሚችሉትን ሁሉ ጥራ፤ እውነተኛው ከነሱ አንዱ ነው።

ይህን ባለበት አፉ ወዲያው ወደ ናይል ይሻገራል። ጥያቄው ጥንታዊ ነው። ሌላው ወንዝ ሁሉ በበጋ ሐሩር ሲጎድል ናይል ግን በዚያው ወቅት ሞልቶ የግብፅን ሜዳ ያጥለቀልቃል። ለምን? በሜዲትራኒያን ዳርቻ ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ የጠራባቸው፣ ዝናብ የሌለባቸው ወራት ናቸው። የነሱ በጋ የኛ ክረምት ነው። ጎጃም ወይም ጎንደር ያደገ ልጅ ሐምሌ ላይ ዓባይ ለምን ይሞላል ተብሎ ቢጠየቅ ጠያቂውን ትክ ብሎ ነው የሚያየው። ለግሪኮችና ለሮማውያን ግን ከሉክሬቲየስ በፊትም ለብዙ መቶ ዓመታት ሲከራከሩበት የኖሩት እንቆቅልሽ ነበር።

ሉክሬቲየስ አራት መልስ ይሰጣል። ምናልባት በዚያ ወራት ከሰሜን የሚነፍሰው ነፋስ ከወንዙ ጋር ፊት ለፊት እየተጋፈጠ ውኃውን ወደ ኋላ ይገታው ይሆናል። ምናልባት ባሕሩ አሸዋ እያመጣ አፉ ላይ ቆልሎበት መውጫ ያጣ ይሆናል። ምናልባትም ምንጩ አካባቢ በዚያን ጊዜ ዝናብ ይበዛ ይሆናል፤ ያው የሰሜን ነፋስ ደመናውን ወደ ደቡብ እየነዳ ከረጃጅም ተራሮች ጋር ሲያጣብቀው። ወይም ደግሞ በኢትዮጵያውያን ከፍተኛ ተራሮች ላይ ያለው ነጭ በረዶ በፀሐይ ቀልጦ ወደ ሜዳው ይወርድ ይሆናል። ጥንታውያኑ ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ ማለታቸው እንደነበረ መዘንጋት የለብንም፤ ቢሆንም ተራሮቹን በተመለከተ አቅጣጫውን አልሳቱም።

እንመዝነው። አንደኛውና ሁለተኛው ስሕተት ናቸው። አራተኛው ቦታውን አግኝቶ ምክንያቱን ስቷል፤ ስሜን ተራሮች ላይ በረዶ ጣል የሚያደርግበት ጊዜ ቢኖርም ወንዝ የሚያስሞላ አይደለም። ሦስተኛው ግን ትክክል ነው። ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውኃ ከ80 በመቶ የሚበልጠው በዓባይ፣ በተከዜና በባሮ በኩል ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች የሚወርድ ነው፤ አብዛኛው የሚወርደውም በክረምት ነው። ደመናው ከተራራ ጋር ሲጋጭ ይዘንባል ያለውም እውነት ነው፤ እርጥበቱን በዋናነት የሚያመጣው ነፋስ ከሰሜን ሳይሆን ከደቡብ ምዕራብ መሆኑን አላወቀም እንጂ።

ሄዶ ማየት አልቻለም፤ ስለዚህ መልሱን አልቆረጠም። ይህን ጨዋነት አደንቃለሁ። ነገር ግን ሙገሳው እዚህ ላይ ይገታ። ለኤፊቆሮስ ወገን ከአራቱ የትኛው ትክክል እንደሆነ ማወቁ ያን ያህል አያሳስብም ነበር። ወንዙን የሚያስሞላው አምላክ እንዳልሆነ ከታወቀ፣ አእምሮ ካረፈ፣ ይበቃል። አራቱን መልሶች ደርድሮ፣ «እስቲ የትኛው እንደሆነ የምንለይበት መንገድ እንፈልግ» አይልም። ሬሳውን ከሩቅ አየ፤ ምክንያቶቹን በትክክል ዘረዘረ፤ ጠጋ ብሎ መገልበጥ ግን አላማረውም። ከዘመናዊ ሳይንስ የሚለየው ትልቁ ነገር በኔ አመለካከት የመንጠቆዎቹ ጉዳይ ሳይሆን ይኸኛው ነው።

ግጥሙ እኛ ዘንድ የደረሰው በጠባብ በር ነው። ነፍስ ትሞታለች የሚለውን ይህን መጽሐፍ ገልብጠው ያቆዩት ክርስቲያን መነኮሳት ናቸው፤ በ9ኛው ምዕተ ዓመት የተጻፉ ሁለት የብራና ቅጂዎች ዛሬ ኔዘርላንድስ፣ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ይገኛሉ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አንባቢ አጣ። በ1417 ፖጆ ብራቾሊኒ የተባለ ጣሊያናዊ፣ ጌታው የነበረው የሮም ጳጳስ ከሥልጣን ተሽሮ ሥራ ፈትቶ ሳለ፣ ጀርመን ውስጥ በአንድ ገዳም ቤተ መጻሕፍት አገኘው። አስገልብጦ ፍሎረንስ ለሚኖረው ወዳጁ ለኒኮሎ ኒኮሊ ላከለት፤ ኒኮሊም ከ10 ዓመት በላይ ሳይመልስለት ቀረ። መጽሐፍ አውሶ ያልተመለሰለት ሰው የፖጆን ብስጭት ይረዳዋል። የፖጆ ቅጂ ጠፍቷል፤ ኒኮሊ በእጁ የገለበጠው ግን እስካሁን ፍሎረንስ አለ። በ1473 ግጥሙ በማተሚያ ቤት ታተመ። የፖለቲካ ጸሐፊው ማኪያቬሊ ገና ወጣት ሳለ ሙሉውን በእጁ ገልብጦታል። በ1517 የፍሎረንስ ቤተ ክህነት በትምህርት ቤት እንዳይነበብ ከለከለ፤ ክልከላው ግን አላቆመውም።

የቀረኝ የግጥሙ መጨረሻ ነው። ስድስተኛው መጽሐፍ ከናይል በኋላ ስለ ማግኔት፣ ከዚያ ስለ በሽታ ያወራና ከክርስቶስ ልደት በፊት በ430 አቴናን በፈጀው ወረርሽኝ ይደመደማል። ታሪኩን የወሰደው በሽታው ይዞት ከተረፈው ከታሪክ ጸሐፊው ከቱሲዲደስ ነው። ቱሲዲደስ በሽታው እንደሚባለው ከግብፅ በላይ ካለችው ኢትዮጵያ ተነሣ ይላል፤ ሉክሬቲየስ ግን ኢትዮጵያን ትቶ ከግብፅ ይጀምራል። ትኩሳቱን፣ ጥማቱን፣ የዓይን መቅላቱን አንድ በአንድ ይዘረዝራል። በመጨረሻም ሰዎች የዘመዶቻቸውን አስከሬን ሌሎች በደመሩት የእሳት ክምር ላይ እየጣሉ በዚያ ላይ ሲጣሉ ያሳየናል፤ ግጥሙም እዚያው ላይ ይቆማል። ማጽናኛ የለ፣ ስንብት የለ።

ሊቃውንት በዚህ ለሁለት ተከፍለዋል። አንዱ ወገን ሆን ብሎ ነው ይላል፦ አምስት መጻሕፍት ሙሉ ሞትን አትፍራ ሲል የቆየ መምህር በመጨረሻ ተማሪውን የሚፈትንበት ፈተና ነው። ሐሳቡ ያምራል። እኔ ግን ግጥሙ ሳይጠናቀቅ ቀርቷል ከሚሉት ጋር ነኝ። ምክንያቴም አምስተኛው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ስለ አማልክት መኖሪያ ሲያነሣ፣ ይህን በኋላ በሰፊው አስረዳሃለሁ ብሎ ለሜሚየስ ቃል ይገባለታል። ግጥሙን ከዳር እስከ ዳር ብትፈትሹት ያ ማብራሪያ የለም። ቃሉን ይህን ያህል የሚጠብቅ ጸሐፊ፣ ከቀለበት እስከ ሐውልት ደረጃውን ሳይዘል የሚሄድ ሰው፣ ይህን ረስቶ ጨርሻለሁ ብሎ ብዕሩን ያስቀምጣል ብዬ አላስብም።